እናቴን ይዤ ከፍራንክፈርት ወደ ኮሎኝና ሙኒክ በባቡር፦ የቱን ቲኬት ልግዛ?

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)
ሰላም ወገኖች። እናቴ በሚቀጥለው ወር ከአዲስ አበባ ትመጣለች፣ አንድ ወር ትቆያለች። ኮሎኝ እህቷ፣ ሙኒክ ወንድሜ አለ። ዕድሜዋ ከ70 አልፏል፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ ይከብዳታል። መኪና የለኝም። በወር 63 ዩሮ የሚከፈልበት ዶይችላንድ ቲኬት ለሁሉም ይበቃታል?

መልስ 1 (ከማንሃይም)
እናትሽን በሰላም ያምጣልሽ። ዶይችላንድ ቲኬት ለከተማ ባቡር፣ ለአውቶቡስ፣ ለትራምና ለአካባቢ ባቡሮች ነው። አይሲኢ በሚባለው ፈጣን ባቡር አያስኬድም። ሙኒክ በቀጥታው አይሲኢ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በአካባቢ ባቡር ግን እጥፍ ጊዜ ሊወስድ ይችላል፣ መቀያየርም አለው። ጉልበት ለሚያማቸው ሰው ያንን አልመክርም። ለሙኒክ ቀደም ብለሽ ሽፓርፕራይስ የሚባለውን የቅናሽ ቲኬት ግዢ፣ ባቡር ስትፈልጊ ደግሞ «ያለ መቀየር» የሚለውን ምረጪ። ወንበርም ያዢ፤ የቦታ ክፍያው ለብቻው ነው፣ ቲኬት ብቻ ከያዝሽ ቆማችሁ ልትሄዱ ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ቀድመሽ ንገሪያቸው። በሽቱትጋርት በኩል የሚሄደው ባቡር እዚያ ጣቢያ ሲደርስ ወደ ኋላ ዞሮ ነው የሚወጣው። የማያውቅ ሰው ወደ መጣንበት እየተመለስን ነው ብሎ ይደነግጣል።

መልስ 2 (ከኮሎኝ)
ለኮሎኝ ግን እኔ የምለው ሌላ ነው። አይሲኢው ከአንድ ሰዓት ትንሽ በልጦ ያደርሳል፣ የሚታየው ግን ዋሻ ነው። ካልቸኮላችሁ በማይንዝና በኮብሌንዝ በኩል በአካባቢ ባቡር ሂዱ፣ ኮብሌንዝ ላይ ትቀይራላችሁ። ለዚህ ዶይችላንድ ቲኬቱ ይሠራል። ከማይንዝ አልፎ ከቢንገን እስከ ኮብሌንዝ ራይን ወንዝን ዳር ዳሩን ትይዛላችሁ፤ ኮረብታው ላይ ቤተ መንግሥት፣ ሥሩ የወይን እርሻ። በጉዞው አቅጣጫ በስተቀኝ ተቀመጡ፣ ወንዙ በዚያ በኩል ነው። እናቶች ይህን ሲያዩ ደስታቸው ልዩ ነው።

መልስ 3 (ከሙኒክ)
ስለ ደረጃው፦ የጀርመን ባቡር ድርጅት መንቀሳቀስ ለሚከብዳቸው መንገደኞች በነጻ የሚረዳ ክፍል አለው። ቢዘገይ ከአንድ ቀን በፊት ይመዘገባል። ሠራተኛ መጥቶ ያሳፍራል፣ ያወርዳል። ለማስቸገር አትፈሪ እህቴ፣ ለዚሁ ነው የተቀመጡት።

መዘግየት አይቀርም። ሽፓርፕራይስ ከአንድ ባቡር ጋር የታሰረ ነው። ነገር ግን መድረሻ ላይ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ እንደሚዘገይ ከታወቀ በሌላ ባቡር መሄድ ይፈቀድልሻል። 60 ደቂቃ ከዘገየ ከዋጋው 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃ ከሆነ 50 በመቶ እንዲመለስልሽ ትጠይቂያለሽ። የመዘግየቱን ማሳያ ፎቶ አንሺው።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሙኒክ በአይሲኢ፣ ኮሎኝ በወንዙ ዳር ይሁን። ዶይችላንድ ቲኬቱን ለአንድ ወር ብቻ መግዛት ይቻላል?

መልስ 1 (ከማንሃይም)
ይቻላል፣ ግን በራሱ የሚቀጥል ነው። በወሩ እስከ 10ኛው ቀን ካልሰረዝሽ የሚቀጥለውንም ወር ያስከፍልሻል። በ1ኛው ቀን እንዲጀምር አድርጊና ያኔውኑ ሰርዢው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ይሠራል። በእናትሽ ስም ይሁን፣ ፓስፖርታቸውንም በቦርሳ ያዢ፤ ተቆጣጣሪ ይጠይቃል።