የብስክሌት መፍቻ፦ ሙሉ ሣጥን ልግዛ ወይስ አንድ በአንድ?

ጥያቄ፦ የማለዳዋ

ሰላም ወንድሞችና እህቶች። ሥራ የምመላለሰው በብስክሌት ነው። ጎማ መቀየርና ፍሬን ማስተካከል እችላለሁ፤ ለዚያ አለን ቁልፍና የጎማ ማውለቂያ በቅቶኝ ነበር። አሁን የመጣው ግን ከዚያ ያልፋል። ዳገት ላይ ጠበቅ አድርጌ ስረግጥ ካቴናው ይዘላል። ከፔዳሉ አካባቢም ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ አለ። ለእያንዳንዱ ነገር ብስክሌቴን ጠጋኝ ጋ ትቼ መሄድ ሰልችቶኛል፤ ሥራውንም ራሴ ማወቅ እፈልጋለሁ። አንድ ሣጥን ሙሉ የብስክሌት መፍቻ ሲሸጥ አየሁ። ግማሾቹ ምን እንደሚሠሩ እንኳ አላውቅም። እሱን ልግዛ ወይስ የሚያስፈልገኝን ብቻ? ብስክሌቱ ቆየት ያለ ነው፣ ከኋላ 7 ማርሽ አለው።

መልስ፦ ካቴና

እህቴ፣ ለጊዜው ገንዘብሽን ያዥ። መጀመሪያ የሚያስፈልግሽ ማስመሪያ ነው።

ካቴናው ላይ ከአንድ ፒን መሃል ተነሺና ቀጥሎ ያሉትን 24 ፒኖች ቁጠሪ። አዲስ ካቴና ላይ ይህ ርቀት 304.8 ሚሊሜትር ነው። 307 ከደረሰ አልቋል ማለት ነው። (11 እና 12 ማርሽ ያላቸው ካቴናዎች ቀጫጭን ስለሆኑ ከ306 ትንሽ ሲያልፉ ይቀየራሉ።) የካቴና መለኪያ የሚባለው ትንሽ ብረት ሥራውን ያፈጥናል፣ ግን ግዴታ አይደለም።

የካቴና መፍቻ ግን ግዢ። አዲስ ካቴና ረዝሞ ስለሚመጣ መቁረጥ አይቀርም። ስትቆርጪ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግተሽ አትለኪ፤ አሮጌው ተለጥጧል። ዓይኖቹን ቆጥረሽ ቁረጪ።

መልስ፦ ሁለት ጎማ

እኔ ሣጥኑን ሙሉ በሙሉ አልቃወምም። ቤት ውስጥ የተለያዩ ብስክሌቶች ካሉና ሁሉንም የምትጠግኚው አንቺ ከሆንሽ ያዋጣል። ለአንድ ብስክሌት ግን ብዙው ሳይነካ ይቀመጣል። ርካሽ ሣጥን ውስጥ የሚገቡት አለን ቁልፎች ደግሞ ብረታቸው ለስላሳ ነው፤ ጫፋቸው ቶሎ ይከብና የብሎኑን ጉድጓድ ይዘው ይበላሉ። ስለዚህ 4፣ 5 እና 6 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ ጥሩ ጥሩውን ግዢ። በየቀኑ የምትነኪው እነሱን ነው።

ካቻቪቴም ላይ ተጠንቀቂ። የማርሽ ማስተካከያዎቹ ትንንሽ ብሎኖች መስቀለኛ ናቸው፣ ግን ብዙዎቹ በጃፓን ልክ የተሠሩ ናቸው። ተራው ካቻቪቴ እየተንሸራተተ ይልጣቸዋል። ለእነሱ ጫፉ ልክ የሚገባ ፈልጊ።

መልስ፦ ባለሞርሳው

ድምፁን በተመለከተ፣ መፍቻ ከመግዛትሽ በፊት ምንጩን እወቂ። ክራንኩን (ፔዳሉ የሚታሰርበትን ክንድ) ያዢና ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጊው። ከተላወሰ ወይ የክራንኩ ብሎን ላልቷል፣ ወይ የመሃሉ ኩሽኔታ አልቋል። ካልተላወሰ ፔዳሎቹን በ15 ቁልፍ ፍቺ፣ ጥርሳቸውን ጥረጊ፣ ግሪስ ቀብተሽ መልሺ። ብዙ ጊዜ ድምፁ እዚያው ያበቃል። አስታውሺ፣ የግራው ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒው ነው፤ ወደ ቀኝ።

ኩሽኔታው ከሆነ የክራንክ ማውለቂያ ያስፈልግሻል። ብዙዎች ክራንክ የሚያበላሹት እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ የክራንኩን ብሎን ከነሮንዴላው አውጪ። ሮንዴላው ውስጥ ከቀረ ማውለቂያው እሱን እየገፋ ይታገላል። ቀጥሎ ክራንኩ ላይ ያለውን ጥርስ በብሩሽ ጥረጊና ጠብታ ዘይት አድርጊ። የማውለቂያውን የውጭ ክፍል በእጅሽ አስገቢ፣ እስከ መጨረሻው። ሁለትና ሦስት ጥርስ ብቻ ይዞ መሃሉን ካጠበቅሽው የክራንኩ አሉሚኒየም ተልጦ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ በዚያ መሣሪያ ማውጣት አይቻልም። እስከ ውስጥ ከገባ ግን ክራንኩ ያለ ትግል ይወልቃል።

መልስ፦ ዝግታ

የማትገዢውንም ልንገርሽ። የመሪ ኩሽኔታ መጫኛ፣ የክር ማውጫ፣ የቸርኬ ማቃኛ ማቆሚያ፦ እነዚህን ለጠጋኙ ተይለት። በብዙ ዓመት አንዴ ለሚመጣ ሥራ ውድ ብረት ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ትርፍ የለውም። የዘይት ፍሬን ካለሽ ደግሞ የትኛው ዘይት እንደሆነ ሳታረጋግጪ ምንም አትግዢ። አንዳንዱ የሚሠራው በማዕድን ዘይት ነው፣ አንዳንዱ በዶት ፈሳሽ (የመኪና ፍሬን ዘይት ዓይነት)። ከተቀላቀሉ ጎማ ማኅተሞቹ ይበላሻሉ፣ ፍሬንሽም ይሄዳል። በዚህ ነገር ቀልድ የለም።

ቶርክ ሬንች (ምን ያህል እንዳጠበቅሽ የሚለካ ቁልፍ) ካርቦን ለሆኑ ክፍሎች ያስፈልጋል። መሪው አካባቢ ያሉት ብሎኖች ላይ ልኩ ይጻፋል፤ 5 ኒውተን ሜትር የተለመደ ነው።

የማለዳዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለካሁት፣ 308 አልፏል። ድምፁ የፔዳሉ ነበር፤ ግሪስ ስቀባው ጠፋ! ክራንኩም አይላወስም። አሁን የቀረው የኋላው ጥርስ ነው። እሱንም አብሬ ልቀይር? የትኛውን ማውለቂያ ነው የምገዛው?

መልስ፦ ባለሞርሳው

308 ካለፈ ጥርሱም አብሮ ተበልቷል፤ አዲስ ካቴና ብቻውን ብታስገቢ መዝለሉ አይቀርም። ሁለቱንም ቀይሪ።

ማውለቂያውን ከመግዛትሽ በፊት ጎማውን አውልቂና ጥርሱን ወደ ኋላ አዙሪው። መሃል ላይ ማውለቂያ የሚገባበት ጎድጓዳ አለ። እሱ አብሮ ከዞረ ካሴት ነው፤ ጥርሶቹ ጎማው መሃል ላይ ተሰክተው በቀለበት የሚታሰሩበት ዓይነት። ቆሞ ከቀረ ፍሪዊል ነው፤ ጥርሶቹ ሙሉውን እንደ ብሎን ጎማው መሃል ላይ የሚጠመዘዙበት። 7 ማርሽ ስለሆነ ፍሪዊል ሊሆን ይችላል፣ ግን ሳታዪ አትግዢ። ለካሴት ከማውለቂያው ሌላ ጥርሱን የሚይዝ ባለ ካቴና እጀታ ያስፈልጋል፤ ለፍሪዊል አያስፈልግም። የፍሪዊል ማውለቂያ ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ ጎማውን ይዘሽ ሄደሽ ልክክ የሚለውን ምረጪ።

የማለዳዋ

አየሁት። አብሮ አልዞረም።

መልስ፦ ባለሞርሳው

እንግዲያው ፍሪዊል ነው። በረገጥሽ ቁጥር ሲጠብቅ ስለኖረ በአጭር ቁልፍ አይበገርም። ማውለቂያውን ቦታው አስገቢና እንዳይንሸራተት የጎማውን ዘንግ ዳዶ በላዩ አሳርፊ፣ በእጅ ብቻ። ከዚያ ማውለቂያውን ሞርሳ ላይ እሰሪው፤ ጎማው ከላይ ተጋድሞ ይቀመጣል። ጎማውን በሁለት እጅሽ ያዢና የመኪና መሪ ወደ ግራ እንደሚጠመዘዘው ጠምዝዢው። ቀጭ ብሎ እንደለቀቀ አቁሚና ዳዶውን አውጪ፤ አለበለዚያ ፍሪዊሉ ሲወጣ ዘንጉን ይጎትተዋል። የቀረውን በእጅ ፍቺው።

ሞርሳ ከሌለሽ ማውለቂያውን ብቻ ግዢና ለዚህች አንዲት ጠምዘዝ ሞርሳ ያለው ሰው ጋ ሂጂ። አዲሱን ስታስገቢ ጎማው መሃል ላይ የሚጠመዘዝበትን ጥርስ ግሪስ ቀቢና ቀጥ አድርገሽ በእጅሽ አስጀምሪው። ማጥበቅ አያስፈልግም፤ የመጀመሪያው ዳገት ያጠብቀዋል።