በ100 ያርድ ግማሽ ኢንች፣ በ1000 ያርድ 18 ኢንች፦ ጥፋቱ የጠመንጃው ነው የጥይቱ?

ቨርጂኒያ65
ሰላም ለሁላችሁ። ጠመንጃዬ 6.5 ክሪድሞር የሚባለውን የጥይት ዓይነት የሚተኩስ ነው፤ በርሜሉ 26 ኢንች፣ ጥይቱ የፋብሪካ 140 ግሬን (ግሬን የአረርና የባሩድ ክብደት መለኪያ ነው)። በ100 ያርድ አምስት ጥይት ግማሽ ኢንች ውስጥ ይሰበሰባል። በ1000 ያርድ ግን፣ ያውም ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ የሃያ ጥይት ግሩፕ (የምቶቹ ስብስብ) ቁመቱ 18 ኢንች ስፋቱ 8 ኢንች ወጣ። በሂሳቡ ከሆነ 5 ኢንች አካባቢ መሆን ነበረበት። አንዱ ስኮፕ (የማነጣጠሪያ መነጽር) ቀይር ይለኛል፣ ሌላው በርሜል። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ኒው ሜክሲኮ፣ ራቶን ለውድድር እሄዳለሁ። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ከየት ልጀምር?

ቀለህ
ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። በርሜሉ ወይም የብረቱና የሰደፉ መጋጠሚያ ችግር ቢኖርበት 100 ያርድ ላይም ይታይ ነበር። የተላቀቀ ስኮፕም ምቶቹን በየአቅጣጫው ይበትናል እንጂ ቁመት ብቻ አያስረዝምም። ግሩፑ ከላይ ወደ ታች ሲረዝም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከጥይት ጥይት ያለው የፍጥነት ልዩነት ነው።

ስሌቱ ይኸውልህ። አረርህ ከአፈሙዝ ሲወጣ 2700 ጫማ በሰከንድ አካባቢ ይሄዳል። በዚህ ፍጥነት የ1 ጫማ ልዩነት 1000 ያርድ ላይ ሩብ ኢንች ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። በፈጣኑና በዘገምተኛው ጥይት መካከል 60 ጫማ ልዩነት ካለ 15 ኢንች ቁመት ከዚያ ብቻ ይመጣል። 100 ያርድ ላይ ግን ያው 60 ጫማ የሚያመጣው የኢንች አንድ አስረኛ ነው፤ ለዚህ ነው እዚያ ያላየኸው።

ክሮኖግራፍ (የጥይት ፍጥነት መለኪያ) ተዋስና ቢያንስ ሃያ ጥይት ለካ። በሦስት ወይም በአምስት ጥይት የተገኘ ቁጥር አታላይ ነው። በርሜል ላይ የሚታሰረው ዓይነት ከሆነ ፍጥነቱን ብቻ ውሰድ፤ ክብደቱ ምቱን ስለሚያዛውር በዚያው ግሩፕ አትፈትን።

ቨርጂኒያ65
አመሰግናለሁ። ተውሼ ለካሁ፦ ዝቅተኛው 2648፣ ከፍተኛው 2711። ከፍተኞቹ ሁለቱ ዒላማው ተቀይሮ እስኪወጣ ስጠብቅ ጠመንጃው ጎርሶ የቆየባቸው ናቸው። ይህ ግንኙነት አለው?

ቀለህ
አለው እንጂ። ከአስር አስራ አምስት ተኩስ በኋላ በርሜሉ ሲግል፣ የጎረሰው ጥይት ውስጥ ያለው ባሩድም ይሞቃል፤ የሞቀ ባሩድ ግፊቱ ይጨምራል፣ አረሩም ከፍ ብሎ ይመታል። ዒላማው ወጥቶ፣ ነፋሱን አይተህ፣ ልትተኩስ ስትዘጋጅ ብቻ አጉርስ። የጥይት ሳጥኑንም ጥላ ውስጥ አስቀምጥ።

የቀረውን ልዩነት በፋብሪካ ጥይት መቀነስ የምትችለው ሁለት ሦስት ዓይነት ገዝተህ፣ ለክተህ፣ የተሻለውን ከአንድ ምርት ቁጥር በብዛት በመያዝ ነው። ራስህ የምትሞላ ከሆነ ቀለሆቹ ከአንድ ፋብሪካና ከአንድ ምርት ይሁኑ፤ ከዚህ በፊት የተተኮሱበትም ብዛት እኩል ይሁን። የባሩዱ ሚዛን እስከ 0.02 ግሬን የሚለይ ቢሆን ጥሩ ነው፤ በዚህ ካሊበር 0.1 ግሬን ብቻዋን 5 ጫማ አካባቢ ታመጣለችና። ብዙ ሰው የሚዘለው የቀለሁን አንገት ነው። አንዱ አረሩን ጠበቅ፣ ሌላው ላላ አድርጎ ከያዘ ባሩድ መመዘንህ ዋጋ የለውም። አንገቱን በሙቀት አለስልሰህ፣ ውስጡን በማንድረል (አንገቱን ከውስጥ በሚያሰፋ ዘንግ) ከአረሩ 0.002 ኢንች ጠበብ አድርገህ ጨርስ። መጠኑን ግን ሁልጊዜ ከአምራቹ መጽሐፍ ዝቅተኛው ጀምር።

በርሜሉ አዲስ ከሆነ ደግሞ አትቸኩል። የመጀመሪያዎቹ 100 እስከ 200 ጥይቶች ላይ ፍጥነቱ በራሱ ይጨምራል፤ ከዚያ በፊት የያዝከው ቁጥር ይቀየራል።

ውሃ ልክ
በቀለህ ሐሳብ እስማማለሁ፣ ግን ስኮፑን ነፃ አታድርጉት። 100 ያርድ ላይ የተስተካከለ ፓራላክስ (ዓይን ሲንቀሳቀስ የስኮፑ መስቀል ዒላማው ላይ የሚንሸራተትበት ስህተት) ለ1000 አይሆንም። መጀመሪያ የዓይን ጫፉን ባዶ ሰማይ ላይ አድርገህ መስቀሉ ጥርት እስኪል አዙር፤ ይህ አንዴ ነው። ከዚያ ዒላማው ላይ ሆነህ ጭንቅላትህን በቀስታ ከፍና ዝቅ አድርግ። መስቀሉ ዒላማው ላይ የሚንሸራተት ከሆነ የጎን ቁልፉን አስተካክል። በጎን ቁልፉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመን፣ ዓይንህን እመን።

የ8 ኢንቹ ስፋት ደግሞ ሁሉም የነፋስ ላይሆን ይችላል። ጠመንጃው 1 ዲግሪ ብቻ ወደ ጎን ቢያዘነብል 1000 ያርድ ላይ 5 ኢንች ይወስድሃል። ስኮፑ ላይ ትንሽ ውሃ ልክ እሰር፤ ስኮፑም ራሱ በቱንቢ ልክ መታሰሩን አረጋግጥ። 100 ያርድ ላይ የቱንቢ ገመድ ሰቅለህ ስኮፑን 30 ኤምኦኤ (የማዕዘን መለኪያ፤ አንዱ 100 ያርድ ላይ 1.047 ኢንች ነው) ወደ ላይ አዙረህ ተኩስ፦ ምቱ ገመዱን ተከትሎ 31.4 ኢንች መውጣት አለበት።

ነፋስ ጠባቂ
ስለ ራቶን ልጨምር። ሜዳው 2000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አረርህ ፍጥነቱን ቶሎ አያጣም፤ ቨርጂኒያ ላይ በያዝከው የስኮፕ ልክ ብትተኩስ 1000 ያርድ ላይ 30 ኢንች አካባቢ ከፍ ብሎ ይሄዳል። የአረሩን መንገድ የሚያሰላው የስልክ ማስሊያ ውስጥ የምታስገባው የቦታውን ትክክለኛ የአየር ግፊት ይሁን፣ 23.5 ኢንች ሜርኩሪ አካባቢ። የአየር ሁኔታ ዜና የሚነግርህ ወደ ባሕር ወለል የተመለሰውን 30 ገደማ ነው። እሱን አስገብተህ ከፍታውን ካልሞላህ ማስሊያው ባሕር ዳርቻ ያለህ ይመስለዋል።

ነፋሱ አረሩን የሚገፋበት ልክም ያንሳል፣ ግን አይጠፋም። ዝቅ ባለ ቦታ ለአንተ ጥይት ከጎን የሚመጣ 1 ማይል በሰዓት ነፋስ 6 ኢንች ያህል ይገፋል። የኤፍ ክላስ (በድጋፍ ላይ ተተኝቶ የሚደረግ የረጅም ርቀት ውድድር) ዒላማ ላይ አስር የሚያሰጠው ክብ በሙሉ 10 ኢንች ነውና የ1 ማይል ስህተት ብቻዋን ከክቡ ታወጣሃለች። ከአንተ አጠገብ ያለውን ባንዲራ ችላ አትበል። መጀመሪያው ላይ የተገፋ አረር አቅጣጫው አንዴ ስለተጣመመ እስከ መጨረሻው እየራቀ ይሄዳል።