ለኪት መኪናዬ ፈጣን የመሪ ራክ፦ 2.9 ዙር ይሻላል ወይስ 2.4?

ባለ_ሁለት_ወንበር፦

ሰላም ወገኖች። ራሴ የገጣጠምኳት ሎተስ ሰቨን መሰል ባለሁለት ወንበር መኪና አለችኝ። ክብደቷ 600 ኪሎ አካባቢ ነው። የመሪ ራኩ (የመሪውን ዙር ወደ ግራና ቀኝ ቀይሮ ጎማዎቹን የሚያዞረው ባለጥርስ ዘንግ) የፎርድ ኤስኮርት ማርክ 2 ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ 3.5 ዙር ይዞራል። መኪናዋ ራሷ ቀልጣፋ ናት። ጠባብ ኩርባ ላይ ግን እጄ ይጠላለፋል። መሪውን ለቅቄ እንደገና ካልጨበጥኩ አይሆንም። ልክ የፊት ጎማው ምን እያደረገ እንደሆነ በእጄ ማወቅ በምፈልግበት ሰዓት ስሜቱ ይቋረጣል። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሁለት አማራጭ አግኝቻለሁ፤ ባለ 2.9 ዙር እና ባለ 2.4። ልቤ ወደ 2.4ቱ ያደላል። ግን መኪናዋ የውድድር አይደለችም። ዝናብም ረጅም መንገድም ትሄዳለች። ባለቤቴም ትነዳታለች፤ ስታቆማት መሪው ድንጋይ እንዲሆንባት አልፈልግም። የጎማው ስፋት 185 ሚሊ ሜትር ነው፣ የመሪው ዲያሜትር 300 ሚሊ ሜትር። ፓወር ስቲሪንግ የለውም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቀላል_መኪና፦

እኔ 2.4 ነው የገጠምኩት፣ በጣም ወድጄዋለሁ። ግን የኔ ጎማ 155 ነው፣ ሞተሩም ቀላል ነው። ባንተ ጎማ ስታቆማት መክበዱ አይቀርም። አንዴ መንከባለል ከጀመረች ግን ይለቃል።

ጥርስ_ቆጣሪ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የዙሩን ቁጥር ተወው። ሻጮች እሱን ስለሚጽፉ ሁላችንም እሱን እናወራለን። ብቻውን ግን ራኩ ፈጣን መሆን አለመሆኑን አይነግርህም። ማወቅ ያለብህ ፒኞኑ፣ ማለትም ከመሪው ጋር የሚዞረው ትንሹ ጥርስ፣ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር የራኩ ዘንግ ወደ ጎን ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሄድ ነው።

ለምሳሌ ያንተ ራክ ከጥግ እስከ ጥግ 140 ሚሊ ሜትር ይሄዳል እንበል። ለ3.5 ስታካፍለው በዙር 40 ሚሊ ሜትር ነው። ያው 140 በ2.9 ዙር ካለቀ በዙር 48 ይሆናል። በ2.4 ካለቀ 58። እነዚህ የእውነት ፈጣን ናቸው። ነገር ግን 2.4 ዙር ብቻ የሚዞረው ዘንጉ አጭር ስለሚሄድ ከሆነስ? ጠቅላላ ጉዞው 110 ከሆነ በዙር 46 ብቻ ነው። ከ2.9ኙ ያነሰ ማለት ነው። በዚያ ላይ ጎማው እንደ ድሮው አይታጠፍልህም፤ መኪናዋን ለማዞር ሰፊ ቦታ ትፈልጋለህ። ስለዚህ ሻጩን ሁለቱንም ጠይቀው፦ ዙሩንም ጠቅላላ ጉዞውንም። መመለስ ካልቻለ አትግዛ።

ያንተን ደግሞ ራስህ ለካው። የራኩን የላስቲክ ሽፋን ሰብስብና የራኩ ዘንግ ላይ ፕላስተር ለጥፍ። የመሪውን ዘንግ በማርከር ምልክት አድርግበት፣ ልክ አንድ ዙር አዙረው፣ ፕላስተሩ የሄደበትን በካሊፐር ለካ።

ክብደቱን ማስላትም ቀላል ነው። ከ40 ወደ 48 ስትሄድ እጅህ ላይ የሚመጣው ጉልበት በአንድ አምስተኛ ይጨምራል። ወደ 58 ከሄድክ ግማሽ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ይሄ ስትቆም ብቻ አይደለም። ጉድጓድ ስትገባ ከጎማው ወደ እጅህ የሚመለሰው ምትም በዚያው ልክ ነው የሚያድገው። ረጅም መንገድ ላይ ያደክማል። ፈጣን ራክ ለሚነዳው ሰው ሁሉ ይስማማል ብዬ አላምንም፤ ሁለት ሰው የሚነዳት መኪና ደግሞ የሁለቱን ክንድ ማሰብ አለባት።

የኔ ምክር 2.9ኙን ውሰድ ነው። ከዚያ መሪውን ከ300 ወደ 330 ቀይረው፣ ጉልበቱ በ9 በመቶ ይቀንሳል። ሁለቱን ስትደምር ከዛሬው የሚከብድህ በ10 በመቶ አካባቢ ብቻ ይሆናል፤ ባለቤትህ ብዙም ላታስተውለው ትችላለች። ከመግዛትህ በፊት ግን 330ው ጭንህን እንዳይነካ ተቀምጠህ እየው። የእነዚህ መኪኖች ወንበር ጠባብ ነው።

ለማቅለል ብለህ ካስተሩን (የፊት ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበትን ማዕዘን) ለመቀነስ አትቸኩል። መሪው ራሱ ወደ መሃል የሚመለሰው በአብዛኛው በካስተር ነው። ፈጣን ራክ ገጥመህ ካስተር ከቀነስክ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪናዋ እረፍት ትነሳሃለች።

ክሮቼራ፦

ጥርስ_ቆጣሪ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ርዝመቱን ነው። በአዲሱ ራክ ግራና ቀኝ ጫፍ ያሉት የውስጥ መገጣጠሚያ ኳሶች ርቀት ከአሮጌው ጋር እኩል መሆን አለበት። በሁለት ጣት ስፋት እንኳ ከተለየ ጎማው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ራሱን ይመራል። መሪውን ቀጥ አድርገህ ይዘህ መኪናዋ ጎርበጥባጣ ላይ ግራ ቀኝ ትላለች።

ከገጠምክ በኋላ አረጋግጥ። የፊቱን ሞላ አውጣ፣ መሪውን መሃል ላይ እሰረው፣ ጎማውን በጃክ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍም ዝቅም አድርግ። በየደረጃው የጎማው ፊት ወደ ውስጥ ወይስ ወደ ውጭ እንደዞረ ለካ። ሲወጣ ወደ አንዱ፣ ሲወርድ ወደ ሌላው ከዞረ ችግሩ የራኩ ከፍታ ነው፤ ከስሩ ስስ ላሜራ በመጨመር ወይም በመቀነስ ይስተካከላል። ሲወጣም ሲወርድም ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞረ ግን ርዝመቱ ነው፤ ላሜራ አያድነውም።

ክሮቼራዎቹንም (የመሪው ዘንግ የሚታጠፍባቸውን መገጣጠሚያዎች) እያቸው። ሁለት ካሉ መሃል ያለው ዘንግ ላይ ያሉት ሹካዎች አንድ መስመር ላይ ይሁኑ፣ ማዕዘናቸውም ተቀራራቢ ይሁን። አለዚያ በአንድ ዙር ሁለቴ ከበድ፣ ሁለቴ ቀለል ይልብሃል። በቀርፋፋ ራክ አይታወቅም ይሆናል፤ በፈጣን ግን ያናድዳል።

ባለ_ሁለት_ወንበር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬውኑ የላስቲክ ሽፋኑን ፈትቼ ለካሁ፤ በዙር 40 ሚሊ ሜትር ነው፣ ጠቅላላው 140። የባለ 2.4ቱ ሻጭ ጠቅላላ ጉዞውን ስጠይቀው "ይገጥማል" ብቻ ነው ያለኝ። የ2.9ኙ ግን 140 ብሎ ጽፎ ላከልኝ፤ የኳሶቹ ርቀትም ከኔ ጋር አንድ ነው። 2.9ኙን ይዣለሁ። 330 መሪ ከጓደኛ ተውሼ ተቀምጬበት አየሁ፣ ጭኔን አይነካም። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ አሁን ያለው ራክ የጎማ ቡሽ (የላስቲክ ማቀፊያ) ላይ ነው የታሰረው። በአሉሚኒየም ልቀይረው?

ጥርስ_ቆጣሪ፦

ቀይረው። የጎማ ቡሽ መሪውን ስታዞር መጀመሪያ እሱ ይለጠጣል፣ ከዚያ ነው የፊት ጎማው የሚዞረው፤ ለፈጣን ራክ የከፈልከው ግማሹ እዚያ ይቀራል። ንዝረት ትንሽ ይጨምራል፣ በዚህ ቀላል መኪና ላይ የሚከብድ አይደለም። ክላምፑን ስታጠብቅ ግን ራኩን እንዳታጣምመው። በየቡሎኑ ትንሽ ትንሽ እያጠበቅህ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ አዙረው፤ የሆነ ቦታ ከያዘህ ላላ አድርገህ ከስሩ አስተካክል።

የቴስቲኒዎቹን (ራኩን ከጎማው ጋር የሚያገናኙት የጫፍ መገጣጠሚያዎች) ክር ከራኩ ጋር አመሳክር፣ አንዱ በኢንች ሌላው በሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ክሮች ገብተው ከዚያ ከጠበቀ በጉልበት አትግፋው። ራሳቸውን የሚቆልፉ ዳዶዎችን አዲስ አድርግ። አላይመንት ሳታስደርግ ረጅም መንገድ አትውጣ፤ ከመጀመሪያው አጭር ጉዞ ስትመለስ ደግሞ የፒኞኑን ማያያዣ ቡሎን እንደገና አጥብቀህ እይ።