የአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪን ጤና በማሽን ለርኒንግ መገመት

ፒያሳ ሰርኪት፦
ሰላም ሰዎች። መብራት ሲሄድ ዋይፋይ የሚያንቀሳቅስ ነገር ልሠራ ከምናለሽ ተራ አሮጌ የላፕቶፕ ባትሪዎች ገዝቼ ፈታታኋቸው። 18650 የሚባሉት፣ የጣት ድንጋይ የሚመስሉ የሊትየም ሴሎች ናቸው። እያንዳንዱን ሞልቶ፣ አፍስሶ መለካት ዕድሜ ይፈጃል፤ ስለዚህ የናሳን የባትሪ ዳታ አውርጄ ራንደም ፎረስት (የብዙ ውሳኔ ዛፎችን ግምት የሚያጣምር ሞዴል) አሠለጠንኩበት። ፈተናው ላይ ስህተቱ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። የኔ ሴሎች ላይ ግን ይቀባጥራል፤ ቻርጅ ላይ እጅ የሚያቃጥለውን ሴል ሁሉ ጤነኛ ነው ይለኛል። ምን ነክቶት ነው?

አምስት ኪሎ፦
ዳታውን እንዴት ከፈልከው? ሁሉንም ቀላቅለህ 80 በመቶውን ለማሠልጠኛ፣ 20ውን ለፈተና ካደረግከው አለቀ። የአንዱ ባትሪ 50ኛ ሳይክል (አንድ ዙር መሙላትና ማፍሰስ) ማሠልጠኛው ውስጥ፣ 51ኛው ፈተናው ውስጥ ይገባል፣ ሁለቱ ደግሞ ያው ናቸው። ሞዴሉ አልተማረም፣ ኮርጇል። በባትሪ ክፈለው፦ ከናሳ ባትሪዎች ቁጥር 5፣ 6 እና 7 ላይ አሠልጥን፣ 18ን ለፈተና ደብቅ። የሳይክል ቁጥር ካስገባህም አውጣው፤ የምናለሽ ተራ ሴል ስንት ጊዜ እንደተሞላ ማን ያውቃል?

ሶልደር፦
ልክ ነው፣ ግን እሱ ብቻ አያድንህም። የናሳዎቹ ባለ 2 አምፒር ሰዓት ሴሎች ናቸው፣ በ1.5 አምፒር እስከ 4.2 ቮልት ተሞልተው በ2 አምፒር ነው የፈሰሱት። ያንተ ቻርጀር በዚያ ካልሞላ ከርቩ (ሲሞላ ቮልቴጁ የሚሄድበት መስመር) ሌላ ነው። ከራስህ ሴሎች የተወሰኑትን፣ ደህናውንም ደካማውንም፣ ሙሉ በሙሉ አፍስስና እውነተኛ አቅማቸውን መዝግብ። ከዚያ ከ3.8 እስከ 4.1 ቮልት ሲሞሉ የገባውን ሚሊአምፒር ሰዓት ያዝ፤ ያረጀው እዚያ መሀል ትንሽ ነው የሚቀበለው። በዚህች ብቻ ተራ ሪግሬሽን (በነጥቦቹ መሀል መስመር ማስመር) ከራንደም ፎረስትህ ሊበልጥ ይችላል። ከረንቱ ሁሌ አንድ ይሁን። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ያንን ልኬት ጣለው፣ አትቀጥለው። የሚግለው ሴል ሞዴል አይፈልግም ወንድሜ፣ ዛሬውኑ አውጣው።

ፒያሳ ሰርኪት፦
ተባረኩ። ከሶላር መብራት የወጡ ኤልኤፍፒ (ሊትየም አይረን ፎስፌት) ሴሎችም አሉኝ፣ በዚሁ ይሄዳሉ?

ሶልደር፦
በፍጹም። ኤልኤፍፒ ጣሪያው 3.65 ቮልት ነው፣ 4.2 ከሰጠኸው ታበላሸዋለህ። መሀሉ ላይም 3.3 አካባቢ ዝርግ ስለሆነ ቮልቴጁ ብዙ አይነግርህም።

አምስት ኪሎ፦
በ2019 የወጣው የስታንፎርድና የኤምአይቲ ጥናት በ124 ኤልኤፍፒ ሴሎች ዕድሜ ሲተነብይ የ10ኛውንና የ100ኛውን ሳይክል ከርቭ አነጻጽሮ ነው። አንተ ጋ ያለው የዛሬው ልኬት ብቻ ነው። ጥቂት ከሆኑ ዝም ብለህ አፍስሰህ ለካቸው።