ወረቀት ለማግኘት ጀግና መሆን ያስፈልጋል ወይ? (ክርክር)

መነሻ ጥያቄ፦
ማሙዱ ጋሳማን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። የማሊ ልጅ ነው። በሊቢያ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በጣሊያን በኩል ፈረንሳይ የገባ የ22 ዓመት ስደተኛ። ወረቀት፣ ማለትም ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አልነበረውም። ግንቦት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ለማየት ወጥቶ፣ ፓሪስ ውስጥ አንድ የ4 ዓመት ሕፃን ከፎቅ በረንዳ ላይ ተንጠልጥሎ አየ። በእጁ እየተንጠላጠለ 4 ፎቅ ወጥቶ አዳነው። በ2ኛው ቀን ፕሬዚዳንት ማክሮን ቤተ መንግሥት ጠርተው ወረቀት እንደሚያገኝ ነገሩት። መስከረም 2011 ላይ ፈረንሳዊ ሆነ። ዜግነት ለጀግንነት ሽልማት መሆኑ ልክ ነው?

ከፍራንክፈርት፦
በደንብ ልክ ነው! ሲወጣ የተቀረጸውን ቪዲዮ ደግማችሁ እዩት። ጎረቤትየው ከጎን በረንዳ ሆኖ ልጁን ለመያዝ ይታገላል፤ መሃል ያለው መከለያ አላስጠጋ ብሎታል። ታች ሰው ይጮኻል። ጋሳማ የበረንዳውን ብረት ይይዛል፣ ራሱን ወደ ላይ ይስባል፣ ብረቱ ላይ ይቆማል፣ የሚቀጥለውን ይይዛል። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። እጁ ቢያዳልጠው አለቀለት። አገር ለእንዲህ ያለ ሰው ውለታ ካልመለሰ ለማን ሊመልስ ነው?

ከፓሪስ፦
ለእሱ መሰጠቱንማ ማን ይቃወማል ወንድሜ? እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በዚያው ሰሞን ያው መንግሥት የስደተኛ ሕጉን እያጠበቀ ነበር። እዚህ ከተማ ሳህን ሲያጥብ፣ አዛውንት ሲያነሳና ሲያስተኛ ዓመታት ያለፉት ስንት ሰው አለ። የሚቀርጸው የለም። ጋሳማንም ቢሆን ከአንድ ቀን በፊት ፖሊስ ቢያገኘው ኖሮ ሊያባርሩት ይችሉ ነበር።

ከአዲስ አበባ፦
እህቴ፣ ሕጉንም እንይ እንጂ። የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ ለአገሪቱ ልዩ አገልግሎት የሰጠ የውጭ ሰው የ5 ዓመቱን የነዋሪነት ጊዜ ሳይጠብቅ ዜጋ እንዲሆን ይፈቅዳል። ማክሮን ከኪሳቸው አላወጡትም። ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለውን ደግሞ የትኛውም አገር ራሱ ይወስናል። እኛም እንወስናለን።

ከሮም፦
ሕጉ አለ፤ ማንን ያያል ነው ጥያቄው። ላሳና ባቲሊን አስቡት። እሱም ከማሊ ነው፣ ሙስሊም ነው። ጥር 2007 ፓሪስ ውስጥ በአይሁዶች ሱፐርማርኬት ላይ ጥቃት ሲደርስ እዚያ ሠራተኛ ነበር። ደንበኞችን ምድር ቤት ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ደበቀ። ማቀዝቀዣውን አጠፋ፣ መብራቱንም አጠፋ። በዕቃ ማንሻው አምልጦ ሲወጣ ፖሊስ አጥቂ መስሎት በካቴና አሰረው። በኋላ የሱቁን አቀማመጥ ለፖሊሶች ስሎ ያሳየውም እሱ ነው። የዜግነት ማመልከቻውን ካስገባ ወራት አልፈው ነበር። መልሱ ግን ከጥቃቱ በ11ኛው ቀን መጣ። ይሄ ፍትሕ ከሆነ አስረዱኝ።

ከፓሪስ፦
ደግሞ ቪዲዮ ሳያስፈልግ ማድረግ እንደሚቻል አይተናል። በኮቪድ ጊዜ ግንባር ቀደም ለሠሩ የውጭ ሰዎች፣ ለአስታማሚዎች፣ ለጽዳት ሠራተኞች፣ ለካሸሮች፣ 5 ዓመቱን ወደ 2 አወረዱላቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ12 ሺህ በላይ ሰው ዜግነት አገኘ። ሕጋዊ መኖሪያ የሌለው ግን አልተካተተም። እሱም ያንኑ ወለል ሲጠርግ ነበር!

ከፍራንክፈርት፦
ይሄ ያሳምናል። ለጀግናው ይሰጥ የሚለውን አልለቅም። ያ ደንብ ወረቀት ለሌለው ሠራተኛም ቢሠራ ግን ደስ ይለኛል።

ከአዲስ አበባ፦
እኔ ያን ያህል አልሄድም። ሠርቶ የቆየ ሁሉ ዜጋ ይሆናል ከተባለ፣ ነገ ሊቢያ ላይ ጀልባ የሚሳፈረው ልጅ ምን ይሰማል? ስንቱን ወገናችንን ባሕር እንደበላው እናውቃለን።

ከሮም፦
ወንድሜ፣ ስጋትህ ይገባኛል። እኔ ግን ያንን መንገድ አልፌበታለሁ። ስነሳ የፈረንሳይም የጣሊያንም ሕግ አላውቅም ነበር። የማውቀው የደላላውን ስልክና የሚፈልገውን ብር ነው። አብረውኝ የነበሩትም እንደዚያው። የሚሳፈረውን ልጅ ማዳን ከፈለግን ከደላላው እንጀምር፤ አሥር ዓመት ወለል የጠረገችውን ሴት ወረቀት በመከልከል አይደለም።