ባሕር ላይ የቀረ መርከበኛ አያታችንን እንፈልጋለን፤ እስከ ሐሙስ የሚደርስልን አለ?

የልጅ ልጅ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። እኅቴ አሁን ሮም ናት፤ ሐሙስ ማታ ስለምትመለስ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። የእናታችን አባት ጣሊያናዊ መርከበኛ ነበር። ምጽዋ ላይ ከአያታችን ጋር ሲኖር እንግሊዞች ይዘው አሰሩት፤ ቆይተውም በመርከብ ጭነው ሲወስዱት መርከቡ በጠላት ተመትቶ ሰጠመ። አያታችን እስክታርፍ ድረስ ይህ የሆነው በ1935 ኅዳር ነው ስትል ኖራለች። እኅቴ ስሙን፣ ወሩንና ዓመቱን ጽፋ ለአንድ መዝገብ ቤት ብታስገባ፣ ዛሬ ጠዋት የተሰጣት መልስ «በተጠቀሰው ጊዜ በጠላት የሰጠመ የጣሊያን መርከብ የለም፤ በባሕር ኃይል ሙታን መዝገብም ስሙ የለም» የሚል ሆነ። ወዴት ትሂድ? ምን ብላስ ትጠይቅ?

መምህር ጡረተኛው፦
ከመልሱ በፊት ታሪኩን ማወቅ ይገባል። ጣሊያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ወደ ጦርነቱ ስትገባ የስዊዝ ቦይ በእንግሊዝ እጅ ስለነበረ፣ በቀይ ባሕር የነበሩት የጣሊያንና የጀርመን የንግድ መርከቦች መውጫ አጥተው ምጽዋና ዙሪያዋ ቀሩ። ከተማዋ መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ከመያዟ አስቀድሞ አዛዡ አድሚራል ማሪዮ ቦኔቲ ጠላት እንዳይጠቀምባቸው፣ ወደቡም እንዲዘጋ ብሎ በገዛ ሠራተኞቻቸው እጅ አሰጠማቸው። በዓመቱ አሜሪካዊው ኮማንደር ኤድዋርድ ኤልስበርግ መጥቶ ተንሳፋፊውን የመርከብ መጠገኛ ሳይቀር ከባሕር አውጥቶ ወደቡን ሥራ አስጀመረው። የኤልስበርግ ሥራ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ በሌላ ጊዜ በሰፊው እመለስበታለሁ።

ስንቅነሽ፦
ጄኔቫ ያለውን የዓለም አቀፍ ቀይ መስቀል መዝገብ ጠይቁ። የምርኮኞችና የእስረኞች ካርድ እዚያ ነው።

ተጠራጣሪው፦
መምህር፣ ትምህርቱ መልካም ነው፤ እኅታቸው ግን ሐሙስ በረራ አለባቸው። እኔ ደግሞ ከመነሻው የማልቀበለው ነገር አለ። ከጦርነቱ በኋላ በሰላም አገሩ ገብቶ ሌላ ትዳር ይዞ የኖረ፣ እዚህ ላለው ቤተሰብ ግን «ባሕር በላው» የተባለለት ጣሊያናዊ ጥቂት አይደለም። ለእናት ለመናገርም ለልጅ ለመስማትም ከ«ትቶን ሄደ» ይልቅ «ሰጠመ» ይቀላል። ከሙታን መዝገብ በፊት የተመላሾችን ብትመለከቱ አይሻልም?

ለንደን ያለሁ፦
ታወር ሂል ላይ የንግድ መርከበኞች መታሰቢያ አለ፤ የሁለተኛው ጦርነት ብቻ ወደ 24 ሺህ የሚጠጋ ስም ተቀርጾበታል። እዚያ ፈልጉት።

የቀይ ባሕር ልጅ፦
እመቤቴ፣ መዝገብ ቤቱ «የለም» ያለው 1935ን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቦ ነው። ያ ዓመት ሞሶሊኒ አገራችንን የወረረበት ስለሆነ፣ በዚያ ኅዳር የሰጠመ መርከብ ቢያጡ አይፈረድባቸውም። አያትዎ ያሉት በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ወሩ በእነርሱ ኖቬምበር 1942 ይሆናል፤ በዚያ ወር ደግሞ ታሪካቸው ጋር የሚገጥም መርከብ አውቃለሁ።

ኖቫ ስኮሺያ የምትባል የእንግሊዝ መርከብ ከኤርትራ ጣሊያናውያን እስረኞችን ጭና በኤደን በኩል ወደ ደርባን ስትጓዝ፣ ኅዳር 19 ቀን 1935 ዓ.ም. ማለዳ ከደቡብ አፍሪካ የናታል ጠረፍ ፊት ለፊት በጀርመኑ ዩ-177 ሰርጓጅ መርከብ ቶርፔዶ ተመታችና በደቂቃዎች ውስጥ ሰጠመች። ከ1,052 ተሳፋሪዎች 858ቱ አለቁ፤ ከሞቱት የሚበዙትም ጣሊያናውያን ናቸው። እንግዲህ መርከቧ የእንግሊዝ፣ የመታት ደግሞ የጣሊያን ወዳጅ የነበረው ጀርመን ስለሆነ፣ «በጠላት የሰጠመ የጣሊያን መርከብ» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም። መርከበኛው አያትዎም በዚያች መርከብ ላይ እስረኛ እንጂ ሠራተኛ አልነበሩም። በዚህ ምክንያት የለንደኑ ወንድማችን የጠቆመው ሐውልት ለእንግሊዝ መርከቦች ሠራተኞች እንጂ ለእርሳቸው አይሆንም፤ ኪው በሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ መዝገብ ቤት ያለው የሠራተኞች ስም ዝርዝርም እንዲሁ።

የሚያሳዝነው፣ ሮበርት ጊዜ (Gysae) የተባለው የሰርጓጁ አዛዥ ከውኃው ሁለት ሰዎች አውጥቶ ሲጠይቃቸው ሁለቱም ጣሊያናውያን የንግድ መርከበኞች ሆነው መገኘታቸው ነው። የሰጠሙ መርከቦችን ሰዎች ማዳን የሚከለክለው የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ዋና አዛዥ የዴኒትዝ ትእዛዝ ከወጣ ገና ሦስተኛ ወሩ ስለነበር የቀሩትን ትቷቸው ሄደ። ነገሩ በሬዲዮ ተነግሮ፣ ገለልተኛ የነበረችው ፖርቱጋል አፎንሶ ደ አልቡከርክ የተባለች የጦር መርከቧን ከሎሬንሶ ማርኬሽ፣ ማለትም ከዛሬው ማፑቶ፣ ልካ በማግሥቱ የተረፉትን አነሣች።

ተጠራጣሪው፦
መርከቧን ተቀብያለሁ። ነገር ግን 1,052 ሲቀነስ 858፣ 194 ሰው ተርፏል፤ ሞዛምቢክ የወረደ ሰው ደግሞ በዚያ ዘመን ምጽዋ ደብዳቤ መላክ ሊከብደው ይችል ነበር። የተራፊዎቹ ስም ሳይታይ ተዝካር ማውጣት አይገባም ባይ ነኝ።

ስንቅነሽ፦
ቀይ መስቀልን ጠይቁ ብያለሁ።

ሮም የከረመ፦
ቀይ መስቀሉ ትክክል ነው፤ ሆኖም ጥያቄ የሚቀበለው በዓመት በተወሰኑ ጊዜያት ስለሆነ ለሐሙስ አይደርስም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ሰውዬው የባሕር ኃይል ወታደር ነበሩ ወይስ የንግድ መርከበኛ? መዝገቡ ለየብቻ ነው። ፎቶግራፍ ካለ ልብሳቸውን ይግለጹልን።

የልጅ ልጅ (ጠያቂ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ፎቶ አለን። እጅጌው የተጠቀለለ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ኮፍያ አላደረገም። አያታችን ነጠላዋን ተከናንባ ከጎኑ ቆማለች። ከኋላቸው የተሰቀለው ነፍስ አድን ጎማ የመርከቡ ስም ተጽፎበታል፤ ነገር ግን የነጠላው ጫፍ መጀመሪያውን ስለሸፈነው የሚነበበው መጨረሻው፣ «…ኒያ» የሚለው ብቻ ነው። ይህ የሚጠቅም አልመሰለኝም ነበር።

የቀይ ባሕር ልጅ፦
ይጠቅማል እንጂ! በ1933 ዓ.ም. በምጽዋና በዳህላክ አካባቢ ሆን ተብለው ከሰጠሙት የጣሊያን የንግድ መርከቦች መካከል ኡራኒያ እና ትሪፖሊታኒያ ይገኛሉ። ፎቶው በአጉሊ መነጽር ይታይ፤ በላቲን ፊደል ከ«NIA» በፊት ያለው «A» በሁለቱም ስም አንድ ነው፤ ከእርሱ በፊት ያለው ፊደል «R» ይሁን «T» ግን ከጥቁር ቀለሙ ቅርጽ ሊለይ ይችላል።

ሮም የከረመ፦
እንግዲያው እኅትዎ የባሕር ኃይሉን መዝገብ ይተዉትና በጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ሥር ያለውን የጦርነት ሙታን መታሰቢያ ጽሕፈት ቤት፣ በተለምዶ ኦኖርካዱቲ የሚባለውን፣ ይጠይቁ። ማመልከቻው ላይ «28 ኖቬምበር 1942፣ ኖቫ ስኮሺያ፣ በባሕር የጠፋ እስረኛ» ብለው ይጻፉ፤ 1935 የሚል ቁጥር ከቶ አይታይበት። ቀጥሎ የሚያስፈልገው ማትሪኮላ የሚባለው የመርከበኝነት ምዝገባ ቁጥር ነው። እርሱን የሚይዘው ሰውዬው የተመዘገቡበት ወደብ ካፒታኔሪያ፣ ማለትም የወደቡ ጽሕፈት ቤት፣ ነው፤ አሮጌዎቹ መዝገቦች ወደየግዛቱ የመንግሥት መዛግብት ቤት የተላለፉም አሉ። የመርከቡ ወደብና የሰውዬው ወደብ አንድ ላይሆን ስለሚችል የትውልድ ከተማቸውን ሳይዙ አይሂዱ። ከእናትዎ የጥምቀት ወረቀት ላይ የአባት ስምና የትውልድ ቦታ ሊኖር ይችላል፤ የተጠመቁበት ደብር የት ነው?

ደርባን ያለሁት፦
ከመርከቧ የሞቱ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎችን ማዕበሉ እዚህ ጠረፍ አውጥቷቸው ደርባን ውስጥ በጅምላ ተቀብረዋል። ከዚህ በመኪና አንድ ሰዓት በሚወስደው በፒተርማሪትዝበርግ፣ የጣሊያን ምርኮኞች በእጃቸው የሠሩት ቤተ ክርስቲያን አለ፤ መታሰቢያቸውም በዚያ ነው። ስማቸውን በላቲን ፊደል፣ በጥምቀት ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው አድርገው በውስጥ መስመር ይላኩልኝ፤ እሑድ ሄጄ የተጻፈ ስም ካለ ፎቶ አንሥቼ እልክልዎታለሁ።

መምህር ጡረተኛው፦
ስለ ኤልስበርግ የጀመርኩትን ልቀጥል?