ስኖውሞቢሌ ለስላሳ በረዶ ላይ እየሰመጠ አስቸገረኝ
ስኪ የምንንሸራተትበት ተራራ ጋ ለመድረስ ባለ 600 ሲሲ ስኖውሞቢል (በረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር) ገዛሁ። ከሥሩ እየዞረ የሚገፋው የጎማ ሰንሰለት ርዝመቱ 137 ኢንች፣ በረዶውን የሚቧጥጠው ጥርሱ ደግሞ ቁመቱ 1.25 ኢንች ነው። በተጠቀጠቀ መንገድ ሁለት ሰው ከነስኪው ጭኖ ይከንፋል። ጉልበት ድረስ የሚውጥ አዲስ በረዶ ውስጥ ግን ዳገት ስጀምር ከኋላ እየቆፈረ እስከ መቀመጫው ይቀበራል። ቅዳሜ ሦስት ጊዜ በአካፋ ቆፍረን አወጣነው፤ ለስኪ የተረፈ አቅም አልነበረንም። ጓደኛዬን አውርጄ ስኪው ላይ እንደቆመ ከኋላ በገመድ ጎተትኩት፣ ፊት ለፊቱን በእግራችን ጠቀጠቅን፣ ነዳጅም ቀስ ብዬ ሰጠሁ። ሜዳ ላይ ረድቷል፤ ዳገት ላይ ወይ ፍንክች! ጥርሱ 2.25 ኢንች የሆነ ሰንሰለት ብገጥም ደግሞ ከላዩ ካለው ብረት ጋር እንዳይፋተግ ሰጋሁ። ርዝመቱን ሳልነካ ጥርሱን ብቻ ባስረዝም ይበቃኛል ወይስ ረጅም ሰንሰለት ያለው ሌላ ስኖውሞቢል ልፈልግ?